ሩት ሐሪሰን፤ ለእንስሳት ማደሪያ የተሟገተች ሴት

ሰው ለራሱ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው በቤቱ ስለሚኖሩት ሰዎች ነው። ነፋስ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ መኝታው ከየትኛው ግድግዳ እንደሚጠጋ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። በረት ወይም የዶሮ ቤት ሲሠራ ግን ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን፣ በስንት ሠራተኛ እንደሚጠበቅ፣ በአንድ ጣራ ሥር ስንት ራስ እንስሳ እንደሚገባ ያሰላል። በውስጡ ውሎ የሚያድረው እንስሳ ቢጠበው፣ ቢታፈን፣ ወለሉ ቢቆረቁረው አቤት የሚልበት አንደበት የለውም። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በእንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ስለ እነዚህ አንደበት ስለሌላቸው ፍጥረታት ማደሪያ አጥብቃ ጠየቀች። ጥያቄዋም ከአገሯ አልፎ የብዙ አገሮችን ሕግ እስከ መለወጥ ደረሰ። ይህች ሴት ሩት ሐሪሰን ትባላለች።

ሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 1920 በለንደን ከተማ ተወለደች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ስቲቨን ዊንስተን ደራሲ፣ እናቷ ክላራ በርንበርግ ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ። አባቷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰው መግደልን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም በማለት አልዘምትም ስላለ ወህኒ ወርዷል። በቤታቸው ሥጋ አይበላም ነበር። ስመ ጥሩው ጸሐፌ ተውኔት ጆርጅ በርናርድ ሾውም በኋላ ዘመን የቤተሰቡ ጎረቤትና ወዳጅ ሆኗል። ሩት ያደገችው እንግዲህ ሰው ብዙኃኑ የተቀበለውን ነገር ሁሉ ሳይመረምር መቀበል የለበትም በሚባልበት ቤት ውስጥ ነው።

የወጣትነት ዘመኗ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተገጣጠመ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው በቤድፎርድ ኮሌጅ ትምህርት ጀምራ ሳለ ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ያቋቋሙትን የአምቡላንስ ጓድ ተቀላቀለች። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚቃወሙ በመሆናቸው ጓዱ መሣሪያ አያነሣም ነበር። ሥራው ቁስለኛን ማንሣት፣ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበትን ማስጠለል፣ ስደተኛን መርዳት ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሩት ወደ ጀርመን ተሻግራ አገርና ቤት ያጡ ሰዎችን አገለገለች። ወደ ለንደን ከተመለሰች በኋላ በንጉሣዊው የድራማ ጥበብ አካዳሚ የተውኔት ዝግጅት ተማረች። በ1954 ዴክስ ሐሪሰን የተባለ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ አገባች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ወለደች። ከዚህ እንደሚታየው ሩት የእንስሳት ሐኪም ወይም ገበሬ አልነበረችም። ልጆቿን በማሳደግ ላይ የነበረች የከተማ እናት ነበረች።

የሩትን ሥራ በሚገባ ለመረዳት በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ እርሻ ላይ የደረሰውን ለውጥ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ከጦርነቱ በፊት ከምትመገበው እህልና ሥጋ ብዙውን ከባሕር ማዶ ታስመጣ ነበር። በጦርነቱ ወራት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦቿን እያሰጠሙ ስላስቸገሯት ሕዝቡ ምግቡን በራሽን እየተቀበለ ኖረ። ሰላም ከተመለሰም በኋላ ራሽን ጨርሶ የቀረው በ1954 ነው። መንግሥቱ እንዲህ ያለው ችግር ዳግመኛ እንዳይደርስ በመፍራት በ1947 ባወጣው የእርሻ ሕግ ለገበሬው የዋጋ ዋስትና ሰጥቶ ብዙ እንዲያመርት አበረታታው። በሌላ በኩል ወጣቱ ገጠሩን እየለቀቀ ወደ ፋብሪካ ይጎርፍ ስለ ነበር የእርሻ ሠራተኛ እየጠፋ ሄደ። ስለዚህም በጥቂት ሰው ብዙ እንስሳ መጠበቅ የሚቻልበት ዘዴ ተፈላጊ ሆነ።

ሳይንስም ለዚህ መንገድ ከፈተ። ቪታሚን ዲን በመኖ ውስጥ መጨመር ከተቻለ ወዲህ ዶሮ የፀሐይ ብርሃን ሳታገኝ ዓመቱን ሙሉ በቤት ውስጥ ልትኖር ቻለች። ከ1953 ጀምሮ ደግሞ አንቲባዮቲክ የተባለውን መድኃኒት በአሳማና በዶሮ መኖ ውስጥ መደባለቅ በእንግሊዝ አገር በሕግ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት እንስሳቱ ተጨናንቀው ቢኖሩም ቶሎ በበሽታ ሳያልቁ ማደግ ቻሉ። ከሜዳው የተለየ፣ መስኮት የሌለው፣ ብርሃኑና ሙቀቱ በመሣሪያ የሚታዘዝ አዲስ ዓይነት የእንስሳት ቤት በየገጠሩ ይሠራ ጀመር።

እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ተደራርበው በተሰለፉ የሽቦ ሳጥኖች ውስጥ ተቀመጡ። የሳጥኑ ወለል ወደ ፊት ያዘነበለ ሽቦ ነው፤ እንቁላሉ እንደ ተጣለ ተንከባሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኩሱም በሽቦው ቀዳዳ ወደ ታች ይወድቃል። ለባለቤቱ ይህ ንድፍ እውነተኛ ጥቅም ነበረው። እንቁላሉ ንጹሕ ይሆናል፤ ዶሮዋ ከኩሷ ስለምትርቅ የሆድ ትላትል ይቀንስባታል፤ አንድ ሠራተኛም በሺሕ የሚቆጠሩ ዶሮዎችን ሊጠብቅ ይችላል። ዶሮዋ ግን ክንፏን ዘርግታ ማራገብ አትችልም። እንቁላል ሊመጣባት ሲል ጨለም ያለ ጎጆ ትፈልጋለች፤ በሳጥኑ ውስጥ ጎጆ የለም። ሲመሽ ቆጥ ላይ መውጣት ትሻለች፤ ቆጥም የለም። መሬት መጫርና በአፈር መታጠብ የተፈጥሮ ጠባይዋ ሲሆን ከእግሯ በታች ያለው ሽቦ ብቻ ነው። እንቅስቃሴ በማጣቷ አጥንቷ እየሳሳ በቀላሉ ይሰበራል።

ለሥጋ የሚቀለቡ ጥጆች ደግሞ ዞር ማለት በማይቻልባቸው ጠባብ የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ብቻ ለብቻቸው ተዘጉ። ገዢው ነጣ ያለ የጥጃ ሥጋ ይወድ ስለ ነበር ብረት ያነሰበት የወተት መኖ ብቻ ይሰጣቸዋል። ገለባ እንኳ ቢነጠፍላቸው በልተውት ሥጋቸው ይቀላል ተብሎ ስለሚታሰብ በባዶ ሳንቃ ላይ ይተኛሉ። በዚህ አኳኋን የደም ማነስ ይይዛቸዋል፤ ለማመስኳት የተፈጠረው ሆዳቸውም ሥራውን ሳይጀምር ይቀራል። እርጉዝ አሳማዎችን በብረት ፍርግርግ መካከል ማቆምም እየተለመደ መጣ። በዚያ ውስጥ ያለች አሳማ ትቆማለች፣ ትተኛለች፤ መዞር ግን አትችልም። አፈር መቆፈር የለመደው አፍንጫዋ የሚቆፍረው ነገር ሲያጣ ብረቱን ስትነክስ ትውላለች። ለሥጋ የሚያድጉ ጫጩቶችም በደበዘዘ ብርሃን በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በብዛት ይታጎራሉ። አየሩ በደንብ ካልተናፈሰ ከእርጥቡ ጉዝጓዝ የሚነሣው አሞኒያ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተሜው አያውቅም ነበር። በእንቁላል መያዣው ላይ የሚያየው ሥዕል በሣር ላይ የምትሄድ ዶሮ ስለ ነበረች እርሻው አባቶቹ በሚያውቁት አኳኋን ያለ ይመስለው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለዚህ ዓይነቱ የእንስሳት አያያዝ የሚናገር አንድ በራሪ ወረቀት በሩት ሐሪሰን ቤት በር ሥር ገባ። ሩት ሥጋ የማትበላ በመሆኗ በመጀመሪያ ጉዳዩ እኔን አይመለከተኝም ብላ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችው። ነገር ግን አእምሮዋ ዕረፍት አላገኘም። እየታወቀ ዝም የተባለ ግፍ በዝምታው ምክንያት እንደሚቀጥል ተገነዘበች። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ከማውገዟ በፊት እውነቱን ራሷ ለማወቅ ቆረጠች።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ወደ እርሻዎች እየሄደች የዶሮ አዳራሾችንና የጥጃ ቤቶችን ጎበኘች። ገበሬዎች ራሳቸው የሚያነቧቸውን የእርሻ መጽሔቶች አገላበጠች፤ የሳጥን ነጋዴዎችንና የመኖ ፋብሪካዎችን ማስታወቂያ መረመረች፤ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠየቀች። ሬቸል ካርሰን የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ የተባይ መድኃኒቶች በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ገልጣ ዝናዋ ገንኖ ነበር። ሩት ለዚህች ሴት ጽፋ ረቂቋን ላከችላት። ካርሰን በጠና ታማ ሳለች ረቂቁን አንብባ መቅድም ጻፈችለት። እንስሳዊ መኪናዎች የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው የሩት መጽሐፍ በማርች ወር 1964 በለንደን ታተመ። ካርሰን በተከታዩ ወር ዐረፈች።

የመጽሐፉ ስም ፍሬ ነገሩን ይገልጣል። ሩት የተቃወመችው እንስሳን ማርባትን አልነበረም፤ እንስሳው መኖ ገብቶበት ሥጋና እንቁላል እንደሚያወጣ መኪና መቈጠሩን ነበር። የመጽሐፉ ክፍሎች ኦብዘርቨር በተባለው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ አገሩ ታወከ። ለጋዜጦችና ለእርሻ ሚኒስቴር ብዙ ደብዳቤ ጎረፈ። ከገበሬዎችና ከመኖ ነጋዴዎች ወገንም ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። የተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያ ምቾት ያጣ እንስሳ ሊወፍርና እንቁላል ሊጥል አይችልም፤ ምርቱ ራሱ የደኅንነቱ ምስክር ነው የሚል ነበር። ከዚህም ሌላ ርካሽ ምግብ የለመደው ድሃ ሕዝብ ሊጎዳ ነው ይሉ ነበር። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቀላል አልነበረም፤ ራሽኑ ከቀረ ገና ዐሥር ዓመት ብቻ ሆኖት ነበርና።

መንግሥቱ ነገሩን ችላ ሊለው ስላልቻለ በዚያው በ1964 አንድ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው በሰሜን ዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ እንስሳት (ዙኦሎጂ) ፕሮፌሰር የነበረው ፍራንሲስ ሮጀርስ ብራምቤል ነበር። ከአባላቱም አንዱ የእንስሳትን ጠባይ በማጥናት የታወቀው የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ቶርፕ ነበር። ኮሚቴው እርሻዎችን ጎብኝቶ፣ ከሁለቱም ወገን ቃል ተቀብሎ በዲሴምበር ወር 1965 ሪፖርቱን አቀረበ። በሪፖርቱም የእንስሳ ደኅንነት የአካሉን ብቻ ሳይሆን የስሜቱንም ሁኔታ እንደሚጨምር ገለጠ። ምርት ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችልም አስረዳ። ከሁሉም ይልቅ ሲነገር የኖረው ለማደሪያ ንድፍ ያቀረበው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት ማንኛውም እንስሳ ቢያንስ ያለ ችግር ዞር ለማለት፣ ገላውን ለማበጠር፣ ለመነሣት፣ ለመተኛትና እጅና እግሩን ለመዘርጋት የሚበቃ ቦታ ሊኖረው ይገባል። መለኪያው በጣም ትንሽ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ አዳዲስ ቤቶች ይህንኑ እንኳ አያሟሉም ነበር።

በ1968 የወጣው ሕግ በእርሻ ላይ ባሉ እንስሳት ላይ አላስፈላጊ ሥቃይና ጭንቀት ማድረስን ወንጀል አደረገ። የማደሪያውን ዝርዝር በተመለከተ ግን የወጡት ደንቦች ምክር እንጂ አስገዳጅ ትእዛዝ አልነበሩም። ሩት በዚህ አልረካችም። ድካሟ ከንቱ ቀረ ብላ ግን አልተወችም። መንግሥቱ በ1967 ባቋቋመው የእርሻ እንስሳት ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ አባል ሆና ገባች። ከዚያም ስለ ተሻሉ የእንስሳት ቤቶች ለሚደረግ ጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አቋቋመች። ቁጣ ብቻውን የተሻለ በረት እንደማይሠራ ተረድታ ነበርና።

የጥናቱን አስፈላጊነት የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ እነሆ። የብራምቤል ኮሚቴ ቀጭንና ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ የዶሮን እግር ይጎዳል ብሎ ስላሰበ ወፍራም ሽቦ እንዲደረግ መክሮ ነበር። በ1973 ግን ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ ወለሎችን ለዶሮዎች አቅርበው የመረጡትን ተመለከቱ። ዶሮዎቹ ሰዎቹ የጠሉትን ቀጭኑን ሽቦ መረጡ፤ ይህ ሽቦ እግራቸውን በብዙ ቦታ ደግፎ የሚይዝ ነበር። ከዚህም ሰው በራሱ ግምት ብቻ ለእንስሳ ምቾት መፍረድ እንደማይችል፣ እንስሳውን ራሱን በብልሃት መጠየቅ እንደሚገባ ታወቀ።

በስኮትላንድም በኤድንብራ አካባቢ ሊቃውንት ከዘመናዊ እርሻ የወጡ አሳማዎችን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ረግረግ ባለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ለቀው ጠባያቸውን አጠኑ። አሳማዎቹ በቤት ውስጥ የተወለዱ ቢሆኑም እንደ ዱር ዘመዶቻቸው አፈር ሲቆፍሩ ዋሉ። የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ አሳማም ከመንጋው ተለይታ በሣርና በቅጠል ጎጆ ትሠራ ነበር። አሳማ ቆሻሻ ይወዳል ይባል እንጂ እነዚህ አሳማዎች ከመኝታቸው ርቀው ነበር የሚጸዳዱት። በብዙ ትውልድ ርባታ የእንስሳው መልክና ክብደት ቢለወጥም ጠባዩ እንዳልጠፋ በዚህ ተረጋገጠ። የቤት ንድፍ አውጪው እንግዲህ የእንስሳውን ቁመትና ስፋት ለክቶ ብቻ ሊጨርስ አይችልም፤ እንስሳው ቀኑን ሙሉ ምን ሊያደርግ እንደሚሻም ማወቅ አለበት።

የሩት ጥረት ቀስ በቀስ ፍሬ አፈራ። በ1976 የአውሮፓ ምክር ቤት በእርሻ ላይ ያሉ እንስሳትን ስለ መጠበቅ የሚደነግግ ስምምነት አወጣ። በ1979 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው አዲሱ የእርሻ እንስሳት ደኅንነት ምክር ቤት የብራምቤልን ሐሳብ አስፋፍቶ አምስቱ ነጻነቶች የሚባሉትን አቀረበ። እነዚህም ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ጠባይን በነጻነት መግለጥ ናቸው። ሩት የዚህም ምክር ቤት አባል ነበረች። በ1986 መንግሥቱ ስለ አገልግሎቷ የክብር ኒሻን ሰጣት።

ሕጎቹም ተከታትለው መጡ። ጠባቡ የጥጃ ሳጥን በእንግሊዝ አገር ከ1990 ጀምሮ ተከለከለ፤ የአሳማው የብረት ፍርግርግ ደግሞ በ1999 ተከተለው። በዚያው በ1999 የአውሮፓ ኅብረት ስለ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አዲስ መመሪያ አወጣ። በዚህ መሠረት ከ2003 ጀምሮ በተራው ሳጥን ውስጥ ለአንዲት ዶሮ ቢያንስ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዲሰጥ ታዘዘ። ይህ ስፋት ከአንድ ተራ የታይፕ ወረቀት ያነሰ ነው። ከ2012 መግቢያ ጀምሮ ግን ባዶው ሳጥን ፈጽሞ እንዲቀር ተወሰነ። ሳጥን የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዷ ዶሮ ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ጎጆ፣ ቆጥና የሚጫር ጉዝጓዝ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ገባ። ሩት ሐሪሰን መመሪያው ሲወጣ በሕይወት ነበረች፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን አላየችም። ጁን 13 ቀን 2000፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀራት ዐረፈች። መጽሐፏ በ2013 እንደ ገና ታተመ።

ይህ ሲባል ነገሩ ሁሉ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። በብዙ የዓለም ክፍል ባዶው የሽቦ ሳጥን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከሳጥን የወጡ ዶሮዎችም ያለ ችግር አይኖሩም። በብዛት ተሰብስበው ሲለቀቁ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ ጉዝጓዙ ካልደረቀ በሽታ ይነሣባቸዋል፤ ወደ ሜዳ ሲወጡም ቀበሮ ይጠብቃቸዋል። ሰፊ ቤት ከጠባቡ የበለጠ ትጉና አስተዋይ ጠባቂ ይፈልጋል። ማደሪያው በሚገባ ቢታሰብበትም እንኳ ጠባቂው ካልተጋ ምንም አይፈይድም፤ ጠባቂውም የቱን ያህል ደግ ቢሆን ዞር ማለት በማይቻልበት ሳጥን ውስጥ ያለችውን አሳማ ሊረዳት አይችልም።

ሩት ሐሪሰን ሥልጣንም፣ ሀብትም፣ የሳይንስ ማዕረግም አልነበራትም። የነበራት አንድ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ የማይተው አእምሮ ነበር። ጉዳዩ አይመለከተኝም ብላ ያስቀመጠችውን ወረቀት ተመልሳ ባታነሣው ኖሮ ከላይ የተነገሩት ሕጎች ብዙ ዘመን በዘገዩ ነበር። ዛሬ በረት ወይም የዶሮ ቤት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከወጪው ሒሳብ ጋር እንስሳው እንዴት እንደሚዞር፣ የት እንደሚተኛና ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ የሚያሰላ ከሆነ፣ ይህን ሒሳብ ካስተማሩት ሰዎች አንዷ ሩት ሐሪሰን ናት።